ሲያትል፦ ቆሻሻችን አንድ ፌስታል ነው፤ ለሙሉ በርሜል መክፈል ግዴታ ነው?

ጡረተኛው (ሬኒየር ቢች)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ሲያትል ውስጥ የራሳቸው ቤት ላላቸው ነው። አፓርታማ የምትኖሩ የቆሻሻው ዋጋ ከኪራዩ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሄድ አይታያችሁም፤ የምትከፍሉት ግን እናንተም ናችሁ።

እኔና ባለቤቴ ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። ቤቱን ስንገዛ አምስት ነበርን፤ ልጆቹ ወጡ፣ ባለ 32 ጋሎኑ በርሜል ግን ቀረ። በየሁለት ወሩ ውሃ፣ ፍሳሽና ቆሻሻ በአንድ ወረቀት ተጠቃልለው ይመጣሉ። እኔ ወረቀቱን እንደ ድሮው የሂሳብ ደብተር በእርሳስ እያሰመርኩ ነው የማነበው። የውሃው ዋጋ በቆጠብን ቁጥር ይቀንሳል፤ ባለቤቴ ሳህን የምታለቅልቅበትን ውሃ ለጌሾ ተክሏ ታጠጣለች። ቆሻሻው ላይ ግን ብትቆጥብም ባትቆጥብም ያው ነው። ለበርሜሉ ብቻ በወር ከ40 ዶላር በላይ፣ በዓመት 500 ዶላር ገደማ። ለጡረተኛ 500 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ ጡረተኛ ያውቀዋል።

ባለፈው ማታ መንገድ ዳር ከማውጣቴ በፊት ክዳኑን ከፍቼ ተመለከትኩ። የታሰረች አንዲት ፌስታል፣ ከታች ተጋድማለች። ምን እንዳለባት አውቃለሁ፤ ያሰርኳት እኔ ነኝ። የቀዘቀዘ የዕጣን ከሰል አመድ፣ ያለቀ ስፖንጅ፣ ከአገር ቤት በርበሬ የመጣበት ዘይት የጠጣ ላስቲክ፣ የመድኃኒት ኪኒን ማሸጊያ፣ ይኸው ነው። የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ የቡናው አተላ፣ የደረቀው እንጀራ በሙሉ ወደ ምግብ ተረፉ በርሜል ይገባል። ካርቶኑና ጠርሙሱ ወደ ሪሳይክሉ። ታዲያ ያ ትልቅ መኪና በየሳምንቱ በሬ ላይ እየቆመ በብረት ክንዱ ወደ ላይ የሚያነሳው አየር ነው። እኔ የምከፍለው ለአየር ነው።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። አገልግሎቱን ጨርሼ ትቼ ቆሻሻዬን በራሴ መኪና ወስጄ መጣል ይፈቀድልኛል? ካልተፈቀደልኝ በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየአሥራ አምስት ቀኑ ማድረግ ይቻላል? ሦስተኛው ወሬ ለማጣራት ነው፤ ጎረቤቴ «ቆሻሻ በርሜል ውስጥ እንጀራ ከተገኘ ትቀጣለህ፣ ከፍተው ያያሉ» ይለኛል። እውነት ነው?

እባካችሁ «40 ዶላር ምን አላት፣ ተዋት» የምትሉኝ አልፋችሁ ሂዱ። ይህን ወንድሜም ብሎኛል፤ ከእሱ ነፃ ሰምቻለሁ።

የሕፃናቱ እማማ (ኦቴሎ)፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። በቤቴ ሕፃናት ስለምጠብቅ የዚህን ከተማ የቆሻሻ ደንብ ከመንጃ ፈቃድ ፈተናው በላይ አጥንቼዋለሁ።

የመጀመሪያው አይቻልም። በሲያትል ወሰን ውስጥ ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ የቆሻሻ በርሜል እንዲኖረው ግዴታ ነው። በመኪናዎ ጭነው ወደ ማስተላለፊያ ጣቢያው መሄድ ማንም አይከለክልዎትም፤ አንዱ ሳውዝ ፓርክ አጠገብ ነው፣ ለእርስዎ ቅርብ። ነገር ግን እዚያም በር ላይ ይከፍላሉ፣ ቤትም ያለው ክፍያ አይቆምም። ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሁለተኛውም የለም፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚነሳው ሪሳይክሉ ብቻ ነው። ሬንተን ያሉ ዘመዶቻችን ቆሻሻቸው ከ2009 ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚነሳው፤ ምናልባት ያንን ሰምተው ይሆናል። የእኛ ከተማ እንደዚያ አላደረገም።

የሚቻለው በርሜሉን ማሳነስ ነው። ከ32 በታች ሁለት መጠን አለ፦ ባለ 20 ጋሎን እና ባለ 12 ጋሎን። ባለ 12ቷን ብዙ ሰው መኖሯን እንኳ አያውቅም። ለአንዲት ፌስታል እሷም ትበዛለች። ደውለው ይጠይቁ፤ «አማርኛ» ካሉ አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገቡልዎታል።

ሌላም ላንሳ። የምግብ ተረፉ በርሜል ስንት ጋሎን ነው? ብዙ ሰው ሣር ሲታጨድ ይሞላል ብሎ ባለ 96ቱን እንደያዘ ይቀራል። ባለ 32 አለ፣ ባለ 13ም አለ። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ነው፤ ግን እርስዎ በእርሳስ የሚያሰምሩ ሰው ነዎት። በጓሮዎ ራስዎ ኮምፖስት የሚያዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ከዚያኛው በርሜል ነፃ እንዲያደርጉዎት ማመልከት ይችላሉ። እኔ ግን አልመክርዎትም። የዶሮ ወጡ አጥንትና የሥጋው ጅማት ጓሮ ውስጥ ከተቀበረ አይጥ ይጠራል፤ የከተማው በርሜል ግን አጥንቱንም ይቀበላል።

የኔን ችግር ብነግርዎ የእርስዎን ይረሳሉ። ዳይፐር ሪሳይክል አይሆን፣ ኮምፖስት አይሆን። ባለ 64 ጋሎን ይዣለሁ፣ ዋጋው የ32ቱ እጥፍ ነው። ባለ 96ቱ ሦስት እጥፍ። እዚህ አገር በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል የሚባለው ቆሻሻ ላይ አይሠራም።

ሙሉ (ስካይዌይ)፦

ለዚህ ነው እኔ ከወሰኑ ማዶ የገዛሁት! ቀልዴን ነው፣ ቤቱ ስለረከሰ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ስካይዌይ ከየትኛውም ከተማ ስላልሆነች፣ በቀጥታ በካውንቲው (በአውራጃው አስተዳደር) ሥር ስለሆነች፣ በየቤቱ የሚነሳው አገልግሎት ግዴታ የለበትም። የፈለገ ይመዘገባል፣ ያልፈለገ ራሱ ያጓጉዛል።

እኔ ራሴ ከሚያጓጉዙት ነኝ። የባለቤቴ ወንድም የቀለም ቅብ ሥራ ስላለው ፒካፕ አለው። የሱን የሥራ ትርፍራፊና የኔን ከረጢቶች አንድ ላይ ጭነን ታክዊላ ወዳለው ቦው ሌክ ጣቢያ እንወስዳለን። መኪናው ሲገባ ይመዘናል፣ ሲወጣ ይመዘናል፤ ትንሽም ብትይዝ ዝቅተኛ ክፍያ ስላለ ብቻህን አንዲት ፌስታል ይዘህ ከሄድክ አያዋጣም። ለሁለት ስንካፈለው ያዋጣል። እስከዚያ ድረስ ግን ከረጢቱ የሚቀመጠው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በሐምሌ ሙቀት ጋራዡ ምን እንደሚሸት ባለቤቴን ጠይቋት። ቅዳሜ ደግሞ ሰልፍ አለ።

ጋሼ፣ እርስዎ ፒካፕ ያለው አማች ከሌለዎት ባለ 12ቷን ይውሰዱ።

ጡረተኛው፦

የሕፃናቱ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንዲህ አድርጎ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ሙሉ፣ አማች ነበረኝ፣ ዳላስ ሄደ።

አሁን ግን ሌላ ነገር አናደደኝ። ዋጋውን ፈልጌ ከልጄ ጋር በስልክ አየነው። ባለ 12 ጋሎኗ ከባለ 32ቱ መጠኗ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ዋጋዋ ግን ከግማሹ በላይ ነው! እማማ እንዳለችው ደግሞ 64ቱ ልክ እጥፍ፣ 96ቱ ልክ ሦስት እጥፍ። ወደ ላይ ሲሄድ ሂሳቡ ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ይጎብጣል። በጋሎን ብናካፍለው ከሰፈሩ ሁሉ አስበልጦ የሚከፍለው ትንሿን በርሜል የያዘው ነው። ማለትም ማን? ብቻዋን የምትኖር ባልቴት፣ እንደኛ ያለ ጡረተኛ፣ ገና ትናንት የመጣ ወንደላጤ። «ቆሻሻችሁን ቀንሱ» ይሉናል፣ ስንቀንስ ጋሎኑን ያስወድዱብናል።

ምክንያቱን የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ፤ ግዴታ ካደረጉብኝ ቢያንስ ለምን እንደሆነ ልወቅ።

የመኪናው ሰው፦

ጋሼ፣ የቆሻሻ መኪና ነው የምነዳው፣ በየትኛው ድርጅት እንደሆነ ይቅር። የሚጎብጠውን ሂሳብ ከመሪው ላይ ሆኜ ላስረዳዎት።

እኔ በርዎ ላይ ስቆም ፍሬን እይዛለሁ፣ ክንዱን አወጣለሁ፣ በርሜሉን አነሳለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ውስጡ አንድ ፌስታል ይሁን ሙሉ የሰርግ ትርፍራፊ፣ የወሰደብኝ ጊዜ ያው ነው። ነዳጁ ያው፣ የኔ ደመወዝ ያው። ለመድፊያ ቦታው የሚከፈለው በክብደት ስለሆነ እሱ ላይ የእርስዎ ድርሻ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሚከፍሉት ውስጥ ትልቁ የመቆሚያ ዋጋ ነው እንጂ የቆሻሻ አይደለም። ባለ 12ቷ ዋጋዋ ወርዶ ወርዶ የማያልፈው ወለል ያለው ለዚህ ነው። ወደ ላይ እጥፍ እጥፍ እያለ የሚሄደው ደግሞ ሆን ተብሎ ነው፤ ባለ 64 ለማንሳት የ32ቱን እጥፍ አልደክምም። ሰዉ ትልቅ በርሜል እንዲፈራ ነው። ሲያትል ይህን በየበርሜሉ መጠን የማስከፈል ነገር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስትሠራበት ኖራለች።

ከኔ መኪና በኋላ ደግሞ ረጅም መንገድ አለ። እዚህ ከተማ ቆሻሻ የሚቀበርበት ቦታ የለም። ድሮ ኬንት አካባቢ ሁለት መድፊያዎች ነበሩ፣ ሚድዌይና ኬንት ሃይላንድስ የሚባሉ፤ ሁለቱም በ1980ዎቹ ተዘጉ። ከሚድዌይ ሚቴን ጋዝ በአፈር ውስጥ ተጉዞ ሰፈር በመግባቱ ቤታቸውን ለቅቀው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ቦታዎች የፌዴራል መንግሥት እጅግ የተበከሉ ብሎ በሚይዘው መዝገብ ውስጥ ገቡ። ከ1991 ጀምሮ የእርስዎ ፌስታል በኮንቴይነር ታሽጎ በባቡር ኦሪገን ድረስ፣ አርሊንግተን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለ መድፊያ ይሄዳል። ዝናብ የማይበዛበት ደረቅ አገር ነው።

እርሳስዎን ያዘጋጁ፦ ከተማው በቆሻሻ አገልግሎቱ ገቢ ላይ ከ14 በመቶ በላይ ታክስ ይወስዳል። ያ ገንዘብ ለመኪናም ለባቡርም አይደለም፣ ወደ ከተማው አጠቃላይ በጀት ይገባል። ቅሬታ ካልዎት እኔ ብሆን እዚያ ላይ ነው የምጮኸው። በርሜሉ ላይ መጮህ ትርፉ ድካም ነው።

እንጀራውን በተመለከተ፦ ምግብ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ መጣል ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ክልክል ነው፤ ያ እስካሁን ሕግ ነው። ቅጣትም ታስቦ ነበር፣ ለመኖሪያ ቤት አንድ ዶላር። ሰዎች «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሻሻችንን ልትፈትሹ አትችሉም» ብለው ከሰሱ፤ በ2016 ዳኛዋ የበርሜል ፍተሻው የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብላ ፈረደች። ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ፣ የሰው ፌስታል እየፈታሁ እንጀራ የምቆጥርበት ጊዜ የለኝም።

ያደግሁት አየር ጤና ነው። ቆሼ ሽታው በነፋስ ቤታችን ድረስ ይገባ ነበር። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሰፈራችን ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት ጥቂት ነው። አዲስ አበባም ውስጥ ሰዉ ከውሃ ሂሳቡ ጋር ተደምሮ ለቆሻሻ ይከፍል ነበር። ከፍሎ ግን የት እንደሚሄድ አይጠይቅም ነበር፤ እኛም አንጠይቅም ነበር። እኔ ግዴታውን አልጠላውም፣ የምጠላው ሂሳቡ በጡረተኛ ላይ ሲከብድ ነው።

ሙሉ (ስካይዌይ)፦

ወንድሜ፣ «ትርፉ ድካም ነው» ማለት ለመኪናው ሰው ይቀላል። ታክሱ ላይ ጩኹ ትላለህ፤ ጋሼ ከተማው ምክር ቤት ሄደው ስለ 14 በመቶ ሊናገሩ ነው? ግዴታ ሲኖር ነው ዋጋው እንደልብ የሚወጣው። እኛ ሰፈር ሰዉ ልተው ማለት ስለሚችል ቢያንስ ማስፈራሪያ አለን።

የመኪናው ሰው፦

ሙሉ፣ እናንተ ሰፈር ጫካው ዳር የተጣለ ፍራሽና ሶፋ ማን እንደሚያነሳው ታውቃለህ? ከሁላችሁም በሚሰበሰብ ታክስ ነው የሚነሳው።

ሙሉ (ስካይዌይ)፦

ፍራሹ የከተማ ሰው ነው አምጥቶ የጣለው!

ሶስና፦

ሁለታችሁም ቆዩ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ቀረ። ጋሼ፣ የእናቴን ቅጽ በየጊዜው የምሞላው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ከተማው ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ የሂሳብ ቅናሽ አለው። የቤተሰቡ ገቢ ከዋሽንግተን ግዛት መካከለኛ ገቢ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የውሃ፣ የፍሳሽና የቆሻሻ ሂሳቡ በግማሽ ይቀነሳል። የመብራቱ ደግሞ 60 በመቶ። የሚታየው የራስዎ ቤት መኖሩ አይደለም፣ ገቢዎ ነው። ቤቱን ጨርሰው የከፈሉ፣ በጡረታ ገንዘብ ብቻ የሚኖሩ ስንት አባቶች እኮ ሳያመለክቱ በሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ። አፓርታማ ለሚኖሩም ይሠራል፤ ቆሻሻውን የሚከፍለው አከራዩ ስለሆነ ቅናሹ በመብራት ሂሳባቸው ላይ ይታሰብላቸዋል።

የሚጠየቀው የገቢ ማስረጃ ነው፣ በቤቱ የሚኖሩ አዋቂዎች ሁሉ። ምድር ቤቱን የሚያከራዩ ከሆነ ኪራዩም ገቢ ነው፣ አይደብቁት።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም ይጠቅማል፦ በርሜሉን ጎትቶ መንገድ ዳር ማድረስ በጤና ምክንያት የማይችል ሰው፣ ማስረጃ ካቀረበ ሠራተኞቹ ግቢ ገብተው እንዲያወጡለት ማመልከት ይችላል። ለእናቴ ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ እንዲሁ ነው የሚደረገው፤ ተጨማሪም አልከፈለችም።

ጡረተኛው፦

ሶስና ልጄ፣ ቅናሹን ሰምቼው ነበር፣ ግን «የችግረኞች» ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ፣ ሰው ፊት ቅጽ ይዤ መቆም አልወድም። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ስታነብ ከኋላዬ ቆማ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙሉውን ስትከፍል የሌላውን ግማሽ አንተ አልነበርክ የምትከፍለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ቅጹ የት እንደሚገኝ በግል ላኪልኝ።

የመኪናው ሰው፣ ማስረዳትህን ወድጄዋለሁ፣ ግን አላሳመንከኝም። መቆሚያው ነው የሚያስከፍለው ካልክ፣ በርሜሌን ያላወጣሁ ሳምንት አትቆምም። በዚያ ሳምንት ለምን እከፍላለሁ? የእኔ ፌስታል ሦስት ሳምንት ቢቀመጥ አይሸትም፣ የሚሸተው ሁሉ ሌላኛው በርሜል ውስጥ ነው። መኪናው በርሜሉን ያነሳበትን የሚመዘግብ መሣሪያ ከኖረ ለተነሳበት ብቻ ማስከፈል ምን ይከብዳል? ይህን ለምክር ቤቱ እጽፋለሁ። ልጄ ያርምልኛል። ሙሉ፣ አዎ፣ ስለ 14 በመቶውም እጨምርበታለሁ፣ አትናቀኝ።

አሁን ባለ 12ቷን ላዝዝ ነው። አንድ የቀረኝ ነገር፦ በዓመት አንዴ የሚካኤል ማኅበር በእኔ ቤት ይወጣል፣ ሠላሳና አርባ ሰው ይመጣል። ያን ቀን ባለ 12 ምን ይይዛል?

የሕፃናቱ እማማ (ኦቴሎ)፦

ጋሼ፣ ክዳኑ ካልተዘጋ ወይም ከረጢት አጠገቡ ካስቀመጡ እንደ ትርፍ ይቆጠራል፤ በአንዱ ከረጢት ከ10 ዶላር በላይ ነው። በዓመት አንዴ ከሆነ ግን አሁንም ያዋጣዎታል። ከዚያ ይልቅ ማኅበሩ ላይ የፕላስቲክ ሳህን አይግዙ። እኛ የደብሩ እናቶች የብርጭቆና የሳህን ሣጥን አዘጋጅተን እያዞርን እንዋዋሳለን፤ የሚቀረው አጥንትና እንጀራ ብቻ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ኮምፖስት ነው። ከፈለጉ ሣጥኑን አመጣልዎታለሁ፣ ግን ታጥቦ ይመለስ።

ጡረተኛው፦

ይታጠባል። የሚያጥበው ሙሉ ነው፣ ተጋብዟል።